ከወልቂጤ ወጥ ቤት የወሰድኩት ቃል

ሐሙስ

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደለችም። ጠዋት ከአየር ጤና መናኸሪያ የተነሳ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። ይህን የምለው ያን ሁሉ ጥፋት ለማጥፋት ብዙ መንገድ መሄድ እንዳላስፈለገኝ እንድታውቁልኝ ነው።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ፊደል ሳቃና እውላለሁ። ከሥራ ውጪ ደግሞ አንድ ልማድ አለኝ። ሰው ሳያስበው ከአፉ የሚያመልጠውን ጥሩ አነጋገር እለቅማለሁ፤ ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ። የለቀምኩትን በቴሌግራም ገጼ ላይ አወጣለሁ። የሚከታተሉኝ አብዛኞቹ የሚጽፉ፣ ወይም አንድ ቀን እጽፋለሁ የሚሉ ናቸው። አንዱ «ከዚህች አነጋገር ተነስቼ አጭር ልብ ወለድ ጀመርኩ» ብሎ የላከልኝ ቀን መሬት አይበቃኝም።

ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን ስወስድ ጆሮዬ አዲስ አበባን ጠግቦ ነበር። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት የሚናገር መሰለኝ። አብራኝ የምትሠራው ትዕግስት ናት «ለምን ወደኛ አገር አትሄጂም? እናቴና አባቴ ወልቂጤ ናቸው፤ እነሱ ጋ እረፊ» ያለችኝ። ወልቂጤ፣ አገና፣ ቡታጅራ፣ ከዚያ ቆሼ የምትባለው ከተማ፣ ከዚያ ወደ ቤት ብዬ አሰብኩ። ግንቦት ነበር፤ ሰማዩ ጠዋት ይጠራል፣ ከሰዓት ይጨልማል።

ሚኒባሱ ገና ከከተማ ሳይወጣ ጆሮዬ ሥራ ጀመረ። አንዲት ሴትዮ ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ላይ አራተኛ ሆነው ሲገቡ «ኧረ ቦታ የለም!» ብለው ጮኹ። ረዳቱ በሩን እየዘጋ «እናቴ፣ ቦታ የለም አይባልም፤ ያልተጠጋ ሰው አለ ነው የሚባለው» አላቸው። ሁላችንም ስቀን ተጠጋን። ስልኬን አውጥቼ ጻፍኳት። ጉዞው ከወዲሁ ተሳካ አልኩ።

የነትዕግስት ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከጀርባው እንሰት አለ፤ የቅጠሉ ስፋት የኛን የኮንዶሚኒየም በረንዳ ይሸፍናል። ስደርስ ጣራው ግማሹ ተነስቶ፣ የትዕግስት አባት ጋሽ ሀብቴ መሰላል ላይ ወጥተው፣ አናጢው ከታች ሆኖ «ጋሼ ይውረዱ፣ እኔ እያለሁ!» እያለ ይለማመጣቸዋል። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ አሁን የሸሚዛቸው አንገት ሰፍቷቸዋል።

«የትዕግስት ጓደኛ! ግቢ ልጄ፣ ግቢ!» አሉኝ ከላይ ሆነው። «ጣራ የሌለው ቤት ነው የተቀበለሽ፣ ይቅርታ። ዘንድሮ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት እጨርሰዋለሁ።»

የትዕግስት እናት እትዬ ብዙነሽ ሚስማር በቆርቆሮ ይዘው መሰላሉ ስር ቆመዋል። ስመውኝ ሲያበቁ ሚስማሩን ለአናጢው ሰጥተው ቦርሳዬን ከትከሻዬ ወሰዱ። ቧንቧው ውሃ አልነበረውም፤ ሳልጠይቃቸው ከሰፈር በጀሪካን አስመጥተው፣ አሙቀው፣ እግሬን እንድታጠብ አቀረቡልኝ። ምሳ ጎመን፣ አይብና ቆጮ ነበር። ቆጮውን እንዴት እንደምይዘው ጠፍቶኝ ስፍጨረጨር ጎረቤታቸው ሳያንኳኩ ገቡ፤ በጉራጊኛ አንድ ነገር ተናግረው እትዬ ብዙነሽን አሳቋቸውና በእጃቸው የያዙትን አይብ ከኔ ሳህን ላይ ጨምረው ወጡ። እኔ ጀሞ በምኖርበት ፎቅ ላይ የፊት ለፊቴን በር ሰው ስም እንኳ አላውቀውም።

ከሰዓት በኋላ፣ ገና ብርሃን እያለ፣ ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። እትዬ ብዙነሽ ጎመን ይቀነጥሳሉ። ከላያችን መዶሻው ይመታል፤ ጋሽ ሀብቴ አናጢውን ሲያርሙት ይሰማል። ድንገት ቅጠሉን አስቀመጡና ወደ ጣራው ቀና ብለው እንዲህ አሉ፦

«እሱ ለክረምቱ ብሎ ጣራ ያስመታል። እኔ ለቅሶ ደራሹ እንዳይበሰብስ ነው እያልኩ ሚስማር አቀብላለሁ።»

ቢላዬ ቆመ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም፤ እሳቸው ቀጠሉ። ጋሽ ሀብቴ ከፋሲካ በፊት አዲስ አበባ ታክመው ነበር። ሐኪሙ እሳቸውን፣ ሚስትየዋን፣ ለብቻቸው ጠርቶ በሽታው እንደማይድን ነገራቸው። ጋሽ ሀብቴ ጨጓራ ነው ብለው ያምናሉ፤ የጨጓራ መድኃኒት እየዋጡ ወተት ይጠጣሉ።

«ለልጆቼም አልነገርኩም» አሉኝ።

«ለትዕግስትም?»

«ለትዕግስትም። እሷ ከሰማች ፊቷ ይነግረዋል።»

እጃቸውን ያዝኩ። «ከኔ አይወጣም፣ እትዬ» አልኳቸው። እንባዬም መጣ፤ የእውነት እንባ ነበር። ግን ያኔውኑ፣ እንባዬ ሳይደርቅ፣ አንድ ቃል እንዳይጠፋኝ በልቤ እየደጋገምኩት ነበር። ለቅሶ ደራሹ እንዳይበሰብስ። ለቅሶ ደራሹ እንዳይበሰብስ። እጄን ልታጠብ ብዬ ወጣሁና ከእንሰቱ ጀርባ ቆሜ ስልኬ ላይ ጻፍኩት።

ዓርብ

ጠዋት በአገና ሚኒባስ ውስጥ፣ መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ ለቀቅኩት።

ስም አላነሳሁም። ከስሩ «አንዲት እናት፣ ወልቂጤ፣ ወጥ ቤት ውስጥ» ብቻ አልኩ። ትዕግስት ገጼን እንደምትከታተል ረስቼው ነበር ብል ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁትም። ጣቴ «ላክ» የሚለው ላይ ሳለ ትዝ ብላኛለች። ሥራ ይበዛባታል፣ አታየውም፤ ብታየውም ወልቂጤ ውስጥ ስንት እናት አለ አልኩ። ከሁሉ በላይ ግን እንዲህ ያለ አነጋገር እጄ ላይ ገብቶ ማቆየት አልቻልኩም። እውነቱ ይኸው ነው።

መንገዱ ሲወጣ ሲወርድ በግራ በቀኝ እንሰት ነው። ቤቶቹ ክብ፣ ጣራቸው ሾጣጣ፣ ደጃቸው ያለው መስክ በሰው እጅ የተላጨ ይመስላል። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት የየመንደሩን ስም እየጠሩ ሲያሳዩኝ እኔ ስልኬን አያለሁ። ልቡ፣ እሳቱ፣ የሚያለቅሰው ፊት ይጎርፋል። «ይህ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ነው» አለ አንዱ። «እንዴት ያለ ጆሮ ነው ያለሽ!» አለች ሌላዋ። አዛውንቱ ማሳየታቸውን ተዉት። ያሳዩኝን አንዱንም መንደር አላስታውስም።

አገና ስንደርስ ኔትወርኩ ጠፋ። ገበያ ቀን ነበርና ሰው ከየአቅጣጫው ይገባል። ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ መጣ፤ ሰዎቹ በኮባ ቅጠልና በላስቲክ ሲከለሉ እኔ ጃንጥላዬን ለመክፈት ስታገል ጭቃው እግሬን ነጠቀኝና ቆጮ ተራ መሃል በቂጤ ዘጭ አልኩ። አዲስ አበባ ብሆን መጀመሪያ የሚሰማኝ ሳቅ ነበር። እዚህ ግን አንዲት ቆጮ ሻጭ እቃዋን ለጎረቤቷ ትታ ብብቴን ይዛ አነሳችኝ፤ ከመደቧ ጀርባ አቁማ ቀሚሴን በጀሪካን ውሃ አጠበችልኝ፣ የራሷንም ነጠላ አሸረጠችኝ።

«ነጠላሽ ይቆሽሻል» አልኳት።

«ነጠላ ይታጠባል» አለችኝ። «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ብርድ ከመታሽ ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ?»

ቀሚሴ እስኪጠነፍፍ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ስለ ገበያው፣ ስለ ልጆቿ፣ አዲስ አበባ ስላለው ወንድሟ ስታወራኝ ዋለች። እኔም የሚጻፍ ነገር ይወጣት እንደሆነ እየጠበቅኩ አዳመጥኳት። ተራ ወሬ ሲሆንብኝ ሰለቸኝ። ስሟን ሳልጠይቃት ነጠላዋን መልሼ ሄድኩ።

ያደርኩበት ቤት መብራት አልነበረም። ስልኬም ባትሪው አልቆ ጠፋ። ልቦቹና እሳቶቹ እየጨመሩ እንደሆነ እያሰብኩ፣ ተደስቼ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ከአገና ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ ተራራውን ያቋርጣል። ላይ ስንደርስ ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ፤ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ይሄዳል። ከዚያ ጎማው ተነፈሰ። መለዋወጫው ጎማም አየር አልነበረውም። ሌላ መኪና እስኪረዳን ዳር ላይ ቆመን ስንንቀጠቀጥ አንድ ሰውዬ ጋቢያቸውን አውልቀው ለኔና ለአንዲት አራስ አለበሱን። እሳቸው በኮት ብቻ ቆመው ለሾፌሩ ክሪኩን የት ላይ ማስገባት እንዳለበት ይመክራሉ። እንዲያ ያለውን ብርድ ጀሞ እንኳ አላውቀውም።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ አገሩ ተለወጠ፤ ሞቀ። ቡታጅራ ባጃጅ በባጃጅ ናት። አንዱ ባጃጅ ወደ አንዲት ትንሽ ፔንሲዮን ወሰደኝ። ባለቤቷ ዘይነብ የምትባል፣ በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። «አሰላሙ አለይኩም፣ ግቢ እህቴ፣ ደክሞሻል» አለችኝ። ክፍሌ ውስጥ ያለው ሶኬት ስለማይሠራ ስልኬን ከሷ ሳሎን ሰካሁት። ምሳ ሰዓት ስለነበር ከቤተሰቡ ትሪ ላይ አስቀመጠችኝ።

እየበላን ሳለ ልጇ ስልኳን እያየች «እማ፣ ያቺን ደግሜ ላንብብልሽ?» አለቻት።

«ትላንት ያነበብሽልኝን? ለእህታችንም አንብቢላት።»

ልጅቷ አነበበች። ቃል በቃል፣ ሳታጎድል፣ ያ የወጥ ቤቱ ነገር ከአፏ ወጣ። እጄ ትሪው ላይ ቀረ።

«ትላንት ሌሊቱን ሳስባት አደርኩ፣ ወላሂ» አለች ዘይነብ። «ምስኪን። ግን ከሷ የባሰ የገረመችኝ የሰማችው ናት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ እንዴት ያወጣዋል? ያ ባል ስልክ የለውም? ልጅ የለውም?»

ስልኬ በርቶ ነበር። ተነስቼ አየሁት። ከልቦቹ ሁሉ በላይ የትዕግስት መልእክቶች ተደርድረዋል።

«ይቺ እናቴ ናት አይደል?»

«እባክሽ መልሺልኝ። አባቴ ምን ሆኖ ነው?»

«እናቴ ስደውልላት ታለቅሳለች፣ አትነግረኝም።»

«መናኸሪያ ነኝ። እየሄድኩ ነው።»

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ደወልኩ፣ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ ዘጋችው። የለቀቅኩትን አጠፋሁት፤ ግን ፍለጋ ብገባ ሰው ከጀምበር መጥለቂያ ፎቶ ጋር አሳምሮ አሰራጭቶታል፤ ጥጉ ላይ የገጼ ስም አለ። ሌሎች እንዳይወስዱብኝ ብዬ እኔው ነበርኩ ስሜን የማስቀምጠው።

ዘይነብ ከኋላዬ መጥታ «ምነው? ሞት ሰማሽ?» አለችኝ።

«የሰማችው እኔ ነኝ» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አልተሳደበችም፣ አላጽናናችኝምም። ልጇን ወደ ውስጥ እንድትገባ አዘዘቻትና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሴትዮዋ አደራ ብለውሽ ነበር?»

«እኔ ነኝ አይወጣም ያልኩት።»

«ነገ ወዴት ነሽ?»

«ቆሼ ነበር ያሰብኩት።»

«ቆሼ ምን አለሽ?» አለችኝ። «ወልቂጤ ነው የምትሄጂው። ያሉሽን ይበሉሽ፣ ቆመሽ ትሰሚያለሽ።»

የሆነ ሰበብ እየፈለግኩ ነበር። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ነገሩ ሲበርድ እሄዳለሁ ልላት ነበር። ፊቷን ሳየው ተውኩት።

እሁድ

ዘይነብ ጠዋት ዳቦና በፔርሙስ ሻይ ይዛ ባጃጅ ድረስ ሸኘችኝ። ይህን ማድረጓ ከሚገባኝ በላይ ሆነብኝና አመሰግናለሁ እንኳ ሳልላት ቀረሁ። ያንን ተራራ ዳግም ወጣሁት። ጉም አልነበረም፤ አገሩ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ለማየት ሲል ይሄዳል። እኔ ዓይኔን ከጉልበቴ አላነሳሁም።

ወልቂጤ ስደርስ መዶሻ አይሰማም። አናጢው የለም። ጋሽ ሀብቴ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ትዕግስት እግራቸው ስር በርጩማ ላይ ናት። አየችኝና ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። «ትዕግስት ዓርብ ማታ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ወደቀች። ማን ሞተ ብዬ ጠየቅኳት። ማን እንደሞተ ልትነግረኝ አልቻለችም።» ትንሽ ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። «ያልሽውን አሁን አንቺ ንገሪኝ።»

«አጥፍቼዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ከስልኩ። በአፍሽ ንገሪኝ። ሰው ሁሉ ሰምቶታል አሉ።»

ነገርኳቸው። ወልቂጤና ቡታጅራ የሰማውን፣ ከአዲስ አበባም የተሻገረውን ዓረፍተ ነገር፣ በዚያው ግማሽ ጣራ ፊት ለፊት ለባለቤቱ ነገርኩት። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ከዚያ፣ «ብዙነሽ ነች ይህን ያለችው?» አሉ።

«አዎ።»

«አብረን ስንኖር ለኔ እንዲህ ያለ ቃል አውጥታ አታውቅም።» ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ብለው አዩ። «ስንት ሰው ሰማው?»

«ብዙ ሰው ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ ስንተኛው ነኝ?»

መልሴን አልጠበቁም፤ «ግቢና እሷን አናግሪያት» ብለው ፊታቸውን ወደ እንሰቱ አዞሩ።

እትዬ ብዙነሽ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው ሰሃን ያጥባሉ። «እትዬ፣ ይቅርታ» አልኩ፣ ሌላ ቃል ስላልነበረኝ። ሰሃኑን ማጠብ አላቆሙም።

«ለምን እንደነገርኩሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ያንቺ ፊት ደስ ስላለኝ አይደለም። አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ልናገረው ስለፈለግኩ ነው። አፌ ይችል እንደሆነ ላየው። ሰኔ ሚካኤልን አሳልፌ ልነግረው ነበር፤ ቀኑን መርጬ ነበር። የምነግርበትን ቃል ነበር ያጣሁት። ለአንቺ ስናገር ለካ እችላለሁ አልኩ።» ሰሃኑን አስቀመጡ። «ለሱ የፈለግኩትን ቃል አንቺ ለሰው አከፋፈልሽው። አሁን እኔ ምን ብዬ ልጀምር?»

እዚህ ላይ የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል። እሳቸው ይህን ሲሉኝ፣ እንባቸው እየወረደ፣ ቀኝ እጄ ወደ ኪሴ፣ ወደ ስልኬ ሄደ። ልጽፈው። አስቤ አይደለም፤ እጁ ራሱ ነው የሄደው። እትዬ ብዙነሽ አዩት። እኔም እንዳዩት አየሁ። ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ልሄድ ስል ጋሽ ሀብቴ ከለከሉኝ። «ከዚህ ቤት እንግዳ ሳይበላ አይወጣም» አሉ። ትዕግስት ምግቡን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና ሄደች። ያንን ጎመንና ቆጮ ብቻዬን በላሁት። ማንም አላጎረሰኝም። ጋሽ ሀብቴ ግን እስክጨርስ ከፊቴ አልተነሱም፤ መንገዱ እንዴት እንደነበር፣ ተራራው ላይ ጉም እንደነበር ጠየቁኝ። በሹፌርነታቸው ያንን መንገድ ከመጠረጉ በፊት ያውቁት ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ

ገጼን ዘጋሁት። ከመዝጋቴ በፊት አንድ የማላውቀው ሰው በዚያ ዓረፍተ ነገር የተነሳ የጻፈውን አጭር ልብ ወለድ ልኮልኝ «አመሰግናለሁ» ብሎኝ ነበር። ጥሩ ተጽፏል። እስከ መጨረሻው ማንበብ አልቻልኩም።

ትዕግስት ፈቃድ ወስዳ ወልቂጤ ቆየች። ሥራ ስትመለስ ፊት ለፊት ተቀምጠን እናርማለን፤ «ይህን ገጽ እዪው» ከማለት ያለፈ አንነጋገርም። ጣራውን የሰፈሩ ሰው ተባብሮ እንደጨረሰው ከሌላ ሰው ሰማሁ።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ስልኳን ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። «አባቴ ነው» አለችኝ፣ ሳታየኝ።

ድምፃቸው ሳስቷል፣ ግን ያው ነው። ይህን ጉዞ መጻፍ እፈልግ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልፈልግም አልኳቸው።

«ጻፊው» አሉኝ። «ስማችንን ለውጪ። ያፈርሽበትን ደግሞ እንዳትዘልዪው። ብዙነሽም ትጻፍ ብላለች፤ ሳትጨምር ሳትቀንስ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«እኔና እሷ ተነጋገርን» አሉ። «ቁጭ ብለን፣ ሁለታችን ብቻ። አንድ ነገር አለችኝ። ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል። ልንገርሽ፣ አንቺ ጥሩ ነገር ሲነገር ትወጃለሽ። ይቺን ግን አትጽፊያትም።»

ስልኩን በግራ እጄ ይዤ፣ ቀኝ እጄን ከጭኔ ስር ከተትኩና ሰማኋቸው። አጭር ናት። እስከ ዛሬ ከሰማሁት ሁሉ ትበልጣለች።

አልጻፍኳትም።